ጀሊል የያዘው አንገት

ጀሊል የሮቤ ሰው ነው፤ እዚያው ስንዴ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ትግል የተማረው ከስልኩ ነው። አብሮ አደጉ መሀመድአወል ባጃጅ ይነዳ ነበር። ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲወጡ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባዶ ጆንያ ያነጥፉና፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቪዲዮ ያያሉ፤ ያዩትን ይሞክራሉ። መሀመድአወል ቀልጣፋ ስለነበር ሁልጊዜ የሚጥለው እሱ ነው። ጀሊል በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላሸነፈውም።

አንድ ሐሙስ ግን ከኋላው ገባና ክንዱን አንገቱ ላይ ጠመጠመበት። ልክ ቪዲዮው ላይ እንዳለው ነበር። መሀመድአወል ተወራጨ፤ ከዚያ በመዳፉ የጀሊልን ክንድ መታ መታ አደረገው። ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ሰውነቱ ዛለ።

ጀሊል ውሃ ሲረጭበት ነቃ። አፍሮ ሳቀ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ቀኝ እጁ መሪ መያዝ አቃተው፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጎባ ሆስፒታል ሲወስዱት ሐኪሙ የአንገቱ ደም ሥር ተጎድቶ ደም ወደ አንጎሉ በደንብ እንዳልደረሰ ነገራቸው። ነፍሱ ተረፈች። ባጃጁ ግን ተሸጠ።

ጀሊል ለሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፦ «መምታቱ ልቀቀኝ ማለት መሆኑን አላወቅኩም።» ሰውም አመነው። የመሀመድአወል እናት አዮ ጁሀራ እንኳን እያለቀሰች አቀፈችው።

«ቀደር ነው ልጄ፤ አላህ የጻፈው ነው። አንተ ምን ታደርግ? ቪዲዮ አይቶ የሚማር ሰው ይህን በምን ያውቃል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ያ መዳፍ ከክንዱ አልወርድ አለው። ጆንያ ሲያነሳ ይመታዋል፤ ሻይ ሲጠጣ ይመታዋል። አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ የጎኑ ሰው ክንድ ሲነካው ደንግጦ ወጣ። ጫማውን እንኳ አላደረገም፤ በረንዳው ላይ ቆሞ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አገላብጦ አየው። ምንም የለበትም።

በስድስተኛው ወር ጎባ ሄዶ ማስተር ጉሉማ ዘንድ ተመዘገበ። ማስተር ጉሉማ ሃምሳ ያለፋቸው፣ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ትግል የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ጀሊል የሆነውን ነገራቸው፤ ያው እንደ ሁልጊዜው «አላወቅኩም» እያለ። ከዚያ ጠየቃቸው፦

«ማስተር፣ ቪዲዮው ላይ የነበረው ስህተት ነበር?»

«አይ፣ አያያዙ ትክክል ነው። ብዙ ጎበዝ ሰው በቪዲዮ ያስተምራል፤ እኔም አያለሁ» አሉት። «ግን አንተ ታየዋለህ እንጂ እሱ አያይህም።»

«እርስዎ ቢኖሩ ምን ያዩ ነበር?»

«ፊትህን ነዋ።»

ጀሊል ፊቱን አዞረ። ምክንያቱም ፊቱ ምን እንደነበረ ያውቃል። ያንን ቪዲዮ ከሃያ ጊዜ በላይ አይቶታል። የተያዘው ሰውዬ መታ መታ ሲያደርግ፣ የያዘው ወዲያው ሲለቀው አይቷል። ያን ሐሙስም መዳፉ ሲያርፍበት ገብቶታል። ግን ከአራት ወር በኋላ ገና ማሸነፉ ነበር፤ ትንሽ፣ ጥቂት ብቻ፣ ልቆይ አለ።

መሀመድአወል በየቅዳሜው ጎባ ለፊዚዮቴራፒ ይሄዳል፤ ጀሊልም ለልምምድ። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ስንዴ ማሳዎቹን እያለፉ ሳለ ጀሊል ድንገት አወጣው።

«አወል፣ ዋሽቼሃለሁ። አውቅ ነበር።»

መሀመድአወል ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። የማይታዘዝ ጣቱን በደህናው እጁ እያሸ ቆየ።

«አውቃለሁ» አለው። «ስትስቅ ሰምቼሃለሁ።»

ሚኒባሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ጀሊል ድምፅ አውጥቶ መሳቁን እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን ለማንም አልተናገርክም?»

«ብናገር እጄ ይመለሳል? አሁን ለአዮ እነግራለሁ እንዳትል። አንዴ ይቅር ብላሃለች፤ ሁለተኛ አትችልም።»

ሆስፒታሉ ጋ ሲደርሱ ጀሊል ሊደግፈው እጁን ዘረጋ። መሀመድአወል በሩን ይዞ ብቻውን ወረደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እንደወትሮው ቦታ ይዞለት ጠበቀው። ስለዚያ ነገር ዳግም አላወሩም።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። ጀሊል አንድም ቅዳሜ አልቀረም። መውደቅ፣ መነሳት፣ መጣል፣ ሁሉንም ከጓደኞቹ በላይ ይችላል፤ አንገት መያዝ የሚፈተንበት ቀን ሲደርስ ነው የሚያቅተው። ባለፈው ሰኔ ፈተና ላይ ክንዱን የተፈታኝ ጓደኛው አንገት ላይ አሳረፈና፣ ገና ሳይጠብቅ፣ ሰውየውም ሳይነካው፣ ለቀቀው።

«ሳትይዝ እኮ ነው የለቀቅከው» አሉት ማስተር ጉሉማ።

«ነካኝ ማስተር።»

«አልነካህም።»

«ነካኝ» አለ ጀሊል፣ እጅጌውን ወደ ታች እየጎተተ። አብረውት የጀመሩት ፈተናውን አልፈው የደረጃ ቀበቷቸውን ሊቀበሉ ተሰለፉ፤ እሱ ምንጣፉን ለመጠቅለል ጎንበስ አለ።