ቶላን ቻይናነት ሳስተምር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሀያት ሱቄ ድረስ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። መቱ ውስጥ አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለችኝ፤ ሀያት ደግሞ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ትምህርቱ ሲሰለቻት እኔ ጋ መጥታ ወረቀቴን ታባክናለች። ስልኩ ላይ አንድ ወጣት ቀልደኛ የዓይኖቹን ጫፍ በፕላስተር ወጥሮ፣ በአፍንጫው እያወራ፣ መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ ቀና ይላል። ቻይና መሆኑ ነው። ከጀርባ ሰው ሲንከተከት ይሰማል። ሀያት ግን ግንባሯን ቋጥራ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ያስቃል እንዴ?» አለችኝ።

ስልኩን መለስኩላት። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ ያን ጊዜም በቅጡ አልመለስኩለትም። የጠየቀኝ ሰው ቻይናዊ ነበር፤ የጠየቀኝም ቻይና መሆን ሳስተምረው ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ወይም ይምሰላችሁ፤ እኔ ራሴ ቀልድ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ጊዜው የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩበት ወቅት ነበር። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ገበያው ጫፍ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ ከመትከል ይልቅ የደንበኞቹን አነጋገር መቅዳት ይቀናኝ ነበር። የቀበሌውን ሊቀመንበር አስመስላለሁ፣ የሚኒባስ ረዳት አስመስላለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን አስመስላለሁ። ሰርግ ቤት ግን የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰይድ፣ እስቲ ቻይናውን!» ይሉኛል። ዓይኔን አጠብባለሁ፣ ጥርሴን አወጣለሁ፣ እግሬን ከመሬት ሳልነቅል ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ፣ ትርጉም የሌለው ነገር እለፈልፋለሁ። ድንኳኑ በሳቅ ይናጋል።

ከየት እንዳመጣሁት ብትጠይቁኝ ከቪዲዮ ቤት ነው። መቱ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ቆርቆሮው እየተንጫጫ ድምፁ እንኳ የማይሰማ የካራቴ ፊልም ስናይ ነው ያደግነው። እውነተኛ ቻይና ያየሁት መንገዱን ሊሠሩ ከመጡ ወዲህ ነው፤ እሱም ቢሆን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ቀይ ጭቃ እየረጩብን ሲያልፉ ብቻ። እኛ «ቻይና!» ብለን እንጮሃለን፤ እነሱ አንዳንዴ እጃቸውን ያነሣሉ፣ አንዳንዴ አያነሡም። ትውውቃችን ይኸው ነበር።

ታምራት የሚባል የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነበረን፤ ሱቁ መናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ያን ክረምት የራሱን አስቂኝ ፊልም ሊሠራ ተነሣ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ቻይና የጎሬ ቡና ነጋዴ ልጅ ይወድና፣ ሽማግሌ መላክ እንዳለ ስለማያውቅ ብቻውን ሄዶ ሊጠይቅ ይሞክራል። ታምራት ትከሻዬን ይዞ «ቻይናው አንተ ነህ» ሲለኝ ለሳምንት ያህል መሬት አልረገጥኩም። ከዚያ አንድ ቀን ሱቁ ስገባ ፊቱ በርቶ፣

«ሰይዶ፣ እንዳትቀየመኝ፤ ዋናውን አገኘሁት» አለኝ።

ዋናው ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የበቆሎ እሸት በቆጭቆጫ እያጠቀሰ ይበላ ነበር። ስሙ ዌን ነው። ኖፓ አካባቢ ድልድይ ሲሠራ አብረውት የዋሉት የቀን ሠራተኞች ግን ቶላ አሉት፤ ቶላ ሆኖ ቀረ። በኦሮምኛ ጥሩ፣ ደግ እንደማለት ነው። ኦሮምኛውን ከድንጋይ ተሸካሚዎቹና ከብረት አሳሪዎቹ ስለተማረ የሚያወራው ልክ እንደ ኖፓ ሰው ነበር። አማርኛውም በኦሮምኛው በር የገባ ነው፤ እንደ እኛው እንደ መቱ ልጆች ያቀላቅለዋል። ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «አካም፣ ነጋዳ? ሰይድ አንተ ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ሲለኝ ቂሜ በየት በኩል እንደወጣ አላውቅም።

ፊልም ውስጥ ለምን መግባት እንደፈለገ ያኑ ዕለት ነገረኝ። እናቱ ባሏ የሞተባት፣ ከሱ በቀር ልጅ የሌላት ሴት ናት። በስልክ ደህና ነኝ ሲላት አታምነውም፤ ከስተሃል፣ ብቻህን ነህ፣ ትደብቀኛለህ ትለዋለች። አለቆቹ ቀጣዩን ድልድይ ለሱ ሊሰጡት ነው። እሱም መቆየት ይፈልጋል። እናቱ ግን ና ማለቷን አልተወችም።

«እናቴ ወሬ አታምንም፤ ዓይኗን ነው የምታምን» አለኝ። «ፊልሙን እልክላታለሁ። ከሰው ጋ ስስቅ ካየች ትተወኛለች፣ እዚህ እቆያለሁ። ካላመነች ግን እሄዳለሁ። እናት ናት፣ ማል ጎና?» ምን ይደረጋል ማለቱ ነው።

ችግሩ የመጣው ታምራት ካሜራውን ሲከፍት ነው። «አውራ» ሲለው ቶላ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ መንሸራተት እንደ ማንኛውም ገበያተኛ ማውራት ጀመረ። «ሂድ» ሲለው እንደ ሰው ሄደ። ታምራት ካሜራውን አጥፍቶ ወደ ውጭ ጎተተኝ።

«ይሄ ሰውዬ ቻይና አይመስልም እኮ! ማን ይስቅለታል? አንተ አለማምደው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ቻይናን ምን ላለማምደው?»

«ቻይናነት ነዋ!»

እንዲህ ሆኖ ከሥራ መልስ ሱቁ ጓሮ ትምህርቱ ተጀመረ። ቶላ ለተማሪነት የተፈጠረ ሰው ነው። ድልድይ ሠሪ ስለሆነ ነው መሰለኝ ነገሩን ሁሉ ከመሠረቱ ይጠይቃል። ጭቃ በጠጣው ቦት ጫማው እግሬን እያየ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጉልበቴ ስንት እንደታጠፈ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ እንደገና ይሄዳል። ዓይንህን አጥብብ ስለው፣ «ይሄው ነው፣ ሌላ የለኝም» አለኝ። አካሄዱ ላይ ግን ልቡ አላረፈም።

«ይሄ አካሄድ የማን ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«የናንተ ነዋ።»

«የኛ? እኛ ሰፈር የለም።» ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ አየው። «ሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል። አገራችን ሰፊ ነው።»

በማግስቱ የቻይናዎቹን ካምፕ ወጥ ሠሪ ጠይቆ መጣ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከአገራቸው ያላዩት ክፍል የለም። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁት። «እስቲ ሂድ ልየው አሉ፣ ሄድኩ። ብዙ አሰቡ። አዎ፣ አይቼዋለሁ አሉ። የት? ስላቸው፣ ፊልም ላይ አሉ።»

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅለት፣ «ሰይድ፣ ግን ይሄ ያስቃል እንዴ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ፤ የሚጠይቀኝ ለማወቅ ነው። «ሰው ይስቃል» አልኩት። ይህ መልስ አይደለም፤ ያኔም ገብቶኛል። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና፣ «ሰው ከሳቀ ጥሩ ነው። እናቴ ማየት ያለባት እሱን ነው» ብሎ አካሄዱን ቀጠለ።

የሆዴን ነገር በቅጡ ልነግራችሁ አልችልም። ሲያምርበት ደስ ይለኛል፤ ድርሻዬን ስለወሰደ ደግሞ እቀናበታለሁ። ሠርቶ አዳሪ፣ ድልድይ ያቆመ ልጇን መሳቂያ ሆኖ ስታይ እናትየው ምን ትል ይሆን ብዬም እጨነቃለሁ። ሦስቱም በአንድ ቀን ይመጡብኛል፤ የትኛው የኔ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ቀረጻው ጎሬ ነበር። ጎሬ ከመቱ ሽቅብ ሲወጡ ሹራብ የምታስለብስ ከተማ ናት። የሚኒባሱ መስኮት በትንፋሻችን ታፍኖ ቶላ በጣቱ ድልድይ ይስልበት ነበር። ስንደርስ ጉሙ ከኮረብታው ገና አልተነሣም። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ቡናውንና ጎደሬውን ትቶ ከበበን። ቶላ ያስተማርኩትን አንድም ሳያስቀር አደረገው። በዚያ አካሄድ ሄደ፣ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፣ ለፈለፈ፣ የተጫነች አህያ ፊት ቆሞ በካራቴ ሊማታ እጁን ሲያነሣ አህያዋ ንቃው ዞራ ሄደች። ሰው በሳቅ መቆም አቃተው። እኔም ሳቅሁ፤ ከኔ የተሻለ አድርጎታል።

የቀረው የጥየቃው ትዕይንት ነው። የልጅቷን አባት የሚጫወቱት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ጎሬ ተወልደው ጎሬ ያረጁ ኮስታራ ሰው። በድርሰቱ መሠረት ቶላ ፊታቸው ተንበርክኮ ይለፈልፋል፣ እሳቸው በከዘራ ያባርሩታል። ካሜራው ተከፈተ፤ ቶላ በሩን አልፎ ገባ። ሽማግሌውን እንዳያቸው ባርኔጣውን አወለቀ። ወገቡን ሰበር አድርጎ «አካም ቡልተን አባ? ማኒ ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?» አለና ቤቱን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ፤ ኖፓ ውስጥ ሽማግሌ ቤት የገባ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው። ድርሰቱ ጠፍቶበት ነው ወይስ አውቆ፣ ጠይቄው አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ከዘራውን ረሱት። ብድግ ብለው «ነጋ፣ ነጋ ልጄ፤ ና ተቀመጥ» አሉና ወንበራቸውን ለቀቁለት። የሳቀ ሰው የለም። አንዲት ጎደሬ ሻጭ ከበሩ ላይ ሆነው እልል አሉ።

«ቁም! ቁም!» አለ ታምራት። «ጋሽ ወርቁ፣ ምን ነካዎት? ያባሩት እንጂ!»

«ሰላም ያለኝን ሰው ምን ብዬ ላባር?» አሉ ጋሽ ወርቁ ተቆጥተው።

ተለምነው ተደገመ። በሁለተኛው ቶላ ተንበረከከ፣ ለፈለፈ፣ ተባረረ። ፊልሙ ውስጥ የገባው ይሄኛው ነው።

መቱ ቪዲዮ ቤት ሲታይ የሚቆምበት ቦታ ጠፋ። ቶላ መሀል ተቀምጦ አብሮ ሳቀ። ስንወጣ ግን «ቻይና! ቻይና ጀግና!» እያሉ ጀርባውን ይመቱት ጀመር፤ አብረውት ብረት ያሰሩ፣ ቶላ የሚለውን ስም ያወጡለት ልጆች ሳይቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቶላ የሚለው ሰው እያነሰ ሄደ። ከፍቶህ ነው ወይ ስለው፣ «አይ፤ ቻይና ነኝ እኮ፣ ውሸት አይደለም» አለኝ።

እኔ አላስችል ብሎኝ ታምራትን ለምኜ የተጣለውን የጋሽ ወርቁን ቀረጻ በሌላ ዲስክ አስገለበጥኩለት። እናትየው በሳቁ ብትከፋ እንኳ ይሄኛውን ስታይ ልጇ በሰው አገር የተከበረ መሆኑን ታምናለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለቱንም ዲስክ ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ባልደረባው ይዞለት ሄደ።

መልሱ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ቶላ አባቴ ጋ መጥቶ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«አየች» አለኝ። «የታምራትን ፊልም በሳቅ ሞተች። ጎረቤት ጠርታ ደጋግማ አሳየች።»

ሸክም ወረደልኝ። «ሁለተኛውንስ?»

የተቀደደ የጃኬቱን ኪስ ነካካ። «ብቻዋን አየች። ድምፁ የኔ ነው፣ ግን አንድ ቃል አልገባትም። ሽማግሌው ወንበር ሲለቁልኝ አለቀሰች። ‹ሌላ አባት አግኝተሃል፣ ሌላ እናት ሳታገኝ ና› አለችኝ።»

«አስቂኙን ብቻ ብንልክላትስ ኖሮ?»

«እንጃ ሰይድ።»

አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። እናቱን ወሎ ትቶ እንደመጣ በሕይወት ሳለች ሳያያት የቀረ ሰው ነው። «እናት ከጠራች ይኬዳል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። የቶላን ጃኬት ከላዩ ላይ ተቀብሎ የተቀደደ ኪሱን ሰፋለት። በሳምንቱ ቶላ ከመቱ መናኸሪያ ተሳፈረ፤ ቀጣዩን ድልድይ ሌላ ሰው ሠራው።

ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ያዋርደዋል ብዬ የፈራሁት ደስታ ሆነላት፤ ያስከብረዋል ብዬ የላክሁት አስለቀሳት። ይህን ለሀያት በምን ቋንቋ ላስረዳት? «እንጃ ልጄ» ብዬ ሸኘኋትና ለቶላ ደወልኩለት። በዓመት አንዴ ሁለቴ እንደዋወላለን፤ ኦሮምኛው ዝጓል እንጂ አልጠፋም። እናቱ አርጅታለች፣ ደህና ናት። ያን ፊልም ታስታውሳለህ ወይ አልኩት።

«እንዴት እረሳለሁ! እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ተነሥ፣ ሂድላቸው ትለኛለች። ያስተማርከኝን እሄዳለሁ። ሁሌ ይስቃሉ።»

«በቻይናው?»

«የምን ቻይና? የመቱ ሰው አካሄድ ነው ብላ እኮ ነው የነገረቻቸው። ያኔም የሳቀችው እናንተ እንዲህ የምትሄዱ መስሏት ነው።»

«ታዲያ አይደለም አላልካትም?»

«ምን ብዬ? ያስተማረኝ እኮ አንተ ነህ» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አፌ ላይ ቀዘቀዘብኝ። ልቀየም ይሆን ልደሰት አላወቅሁም። ሱቄን ዘግቼ ወደ ገበያ ወረድኩ። በማላውቀው አገር፣ በማላውቃት አሮጊት ሳሎን ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት እየሄድኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው። እግሬን እያየሁ እንደ ሰው ለመሄድ ሞከርኩ። ሁልጊዜ የምሄደው እንዴት እንደነበር ጠፋኝና መንገዱ መሀል ቆምኩ።