ወርቅውሃ ዝም ያለችበት እሁድ

አዳማ ውስጥ አዲስ ፊልም ጥሩ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው ወርቅውሃን ይጠይቃል። ከቢሾፍቱ ድረስ ደውለው የሚጠይቋት አሉ። እኔ ተሻለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤታችን ትኬት መቁረጫ ውስጥ ተቀምጬ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፤ የማያምን መጥቶ መስኮቴ ጋ ይቁም።

ወርቅውሃ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። ባሏ ፈቃዱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። እሁድ እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ረድፍ ትቀመጥና ከፊልሙ ጋር ወሬዋን ትጀምራለች። «አንቺ ሞኝ፣ እሱን ደግሞ ታምኛለሽ?» «ኧረ ይሄ ልጅ አሁን ሸሚዙ ሰማያዊ አልነበረም እንዴ?» አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። ወደደችውም ጠላችውም ማውራቷ አይቀርም፤ ስትወጣ ደግሞ በር ላይ ቆማ ፍርዷን ትሰጣለች።

የዓመቱን የፊልም ሽልማት አሸናፊ መገመት ላይማ የሚደርስባት የለም። ባለፈው ዓመት አምስት ገምታ አራቱ ልክ ወጣላት። አምስተኛውን «የተሳሳቱት ዳኞቹ ናቸው» ብላ እስከ ዛሬ አልተቀበለችም።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልልቆቹ ፕሮዲውሰሮች ፊልማቸውን ይዘው ፋሲካን ይጠብቃሉ። ወርቅውሃ ፖስተራቸውን ብቻ አይታ ጨረሰቻቸው። «ይሄ ባለ ሁለት መኪናው ኮሜዲ ሰው ይሞላል፣ ሽልማት ግን አይሸተውም። እዚያኛው ላይ ተዋናዩ ያለቅሳል፣ እኛ እንስቃለን።» በጾም ሲኒማ ምን ትሠሪያለሽ ለሚሏትም መልስ አላት፤ «የጾምኩት ቅቤ ነው እንጂ ፊልም ነው እንዴ?»

በዚያ ባዶ ወቅት የገባው የትህትና ፊልም ነው። ትህትና እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፤ እዚህ ሰፈርና ቆቃ መንገድ ላይ ነው የቀረጸችው። ለሽልማቱ ለመወዳደር አንድ ፊልም በአንድ አዳራሽ ሦስት ተከታታይ ሳምንት መታየት አለበት። አለቃችን ደግሞ ቁርጡን ነገራት፤ «በሁለተኛው እሁድ ስልሳ ሰው ካልገባ አወርደዋለሁ።» እሺ አለች። ምን ታድርግ?

በመጀመሪያው እሁድ ወርቅውሃ ገባች። ፊልሙ ስለ አንዲት የሾፌር ሚስት ነው፤ ባሏ ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ ይቀራል፣ እሷ ታስታምመዋለች። እኔም ቀልዷ እንዳያመልጠኝ መስኮቴን ዘግቼ ከኋላ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ወርቅውሃ ትንፍሽ አላለችም። ሲያልቅ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ወጣች። «እህስ ማዘር፣ እንዴት ነው?» ሲሏት እጇን አወናጭፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች።

በቃ፣ አለቀለት። በሁለት ቀን ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። «ለስድብ እንኳን አልበቃም አሉ!» ከመንገዱ ማዶ ጁስ ቤት ያለው ማስረሻ ነው ዋናው ለፋፊ፤ እሱ ከሚፈጨው አቮካዶ የሚፈጨው ወሬ ይበልጣል። ሰኞ አራት ሰው ገባ፣ ማክሰኞ ሦስት። ረቡዕ ትህትና የራሷን ፊልም ብቻዋን ተቀምጣ አየች። አንጀቴን በላችው። ግን እውነቱን ለመናገር እኔም ወርቅውሃ ጠልታው ነው ብዬ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የቆረጥኩት ትኬት አሥራ አንድ ብቻ ነበር። ትህትና ግድግዳ ተደግፋ ጥፍሯን ትበላለች። ማዶ ጁስ ቤቱ በር ላይ ያ ሁሉ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል። ይሄኔ ወርቅውሃ መጣችና «አንድ ቁረጪልኝ» አለችኝ።

«ምን ፊልም መስሎሽ ነው?» አልኳት ተናድጄ። «ያው የጠላሽው ነው!»

«ማን ነው የጠላው?»

«አንቺ ነሻ! ዝም ብለሽ ወጣሽ፣ ሰውም ዝም ብሎ ቀረ። ዛሬ ስልሳ ሰው ካልሞላ ይወርዳል። ይቺን ልጅ ገደልሻት እኮ!»

ፊቷ ልውጥ አለ። ትህትናን አየቻት። ከዚያ መንገዱን አቋርጣ ጁስ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እኔም መስኮቴን ጥዬ ተከተልኳት።

«ስሙኝማ» አለች። «ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ያቺ ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ባሏ ከአልጋው ሲጣራ ወጥ ቤት ሆና እንዳልሰማች የምትሆነው፣ እኔ ነኝ። ፈቃዱ ሁለት ዓመት ተኝቷል። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ መሮኝ፣ ስሜን ሲጠራ ዝም አልኩት። ግማሽ ቀን ሙሉ። ለካ ውሃ ነበር የፈለገው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም፤ ይቺ ልጅ ከየት እንዳገኘችው እንጃ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፊልም አላየሁም። ይኸው፣ ተናገርኩ።»

አንዱ ጎረምሳ ሊስቅ ሲል ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። «አይዞሽ እናቴ» አለች አንዲት ሴት፤ ቦርሳዋን አንስታ ወደ እኛ ተሻገረች። ሌሎችም ተከተሏት። ማስረሻ ራሱ ሽርጡን ፈቶ መጣ። እየሮጥኩ ወደ መስኮቴ ተመለስኩና ቆረጥኩ፣ ቆረጥኩ፤ ስልሳ ሰባት ሞላ! አለቃችን መጥቶ አየና «ይቀጥል» አለ።

ትህትና ወርቅውሃ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ማዘር፣ እናሸንፋለን ይላሉ?»

«ምርጥ ፊልሙን ለፋሲካ ለሚገባው ለዚያ ለታሪካዊው ነው የሚሰጡት፤ ፈረስ ያለበት ፊልም ሲያዩ ዳኞቹ ነፍሳቸውን አያውቁም። ምርጥ ተዋናይት ግን ያንቺዋ ናት፣ ማንም አይነካትም። ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው ዘፈን ረዝሟል፤ የሚቀጥለው ፊልምሽ ላይ አሳጥሪው።» ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ፊልሙ ግማሽ ሲደርስ የአዳራሹ በር ተከፈተና ማስረሻ ወጣ። ደሜ ፈላ። «ደግሞ ምን ልታወራብን ነው? አላለቀም እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

ቀና ብሎ አላየኝም። እናቱ እማማ ሸዋወርቅ ዳሌያቸውን ከተሰበሩ ጀምሮ ከጁስ ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚተኙት።

«እማዬ ጠዋት ጠርታኝ ነበር» አለና መንገዱን በሩጫ ተሻገረ።