ያልደረቀው ጣውላ

በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሚሊ» ይለዋል። አንድ ሚሊ ሜትር የጎደለ በር ከእጁ ወጥቶ አያውቅምና። ሌላው አናጺ በዐይኑ ገምቶ የሚቆርጠውን እሱ ሦስት ጊዜ ይለካል። እርጥብ ጣውላ ላይ ሚስማር መምታት ደግሞ ለእሱ ነውር ነው። «እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጠማማ ሥራም ሠሪውን ያሰድባል» ይላል።

«ሚሊ፣ የሬሳ ሣጥኔን አንተ እንዳትሠራልኝ አደራ» ይለዋል ቀለም ቀቢው፤ «እንጨቱ እስኪደርቅ እሸታለሁ።»

አብሯቸው ይስቃል። በልቡም ይኮራል።

ቤቱ ግን፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ ነው። የሰውን ሳሎን ወለል እንደ መስታወት የሚያበጀው ሰው ሚስቱንና ልጁን ይዞ የሚተኛው ባዶ ሲሚንቶ ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነው። ዝናብ በገባ ቁጥር እርጥበቱ ከሥር ይነሳል፤ ጩጩ የሚሏት የአራት ዓመት ልጃቸውም ሳሏን ትጀምራለች።

ከተጋቡ ጀምሮ ባልና ሚስቱ አንድ ልማድ አላቸው። የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ የመኝታ ቤቱን በር ጀርባ በመላጊያ ይልጋል፤ የዓምናው ዕቅድ ፍቅፋቂ ሆኖ መሬት ይወርዳል። ከዚያ በነጣው እንጨት ላይ እሷ እየተናገረች እሱ በአናጺ እርሳሱ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ይጽፋል። በመጀመሪያው ዓመት ሳቅ ብቻ ነበር፤ «ባል ሲያንኮራፋ ወደ ግድግዳ ይዙር» የሚል ሳይቀር ተጽፏል። ጩጩ ከተወለደች ወዲህ ግን አንደኛው ተራ ቁጥር ተለውጦ አያውቅም፦ ዝናብ ሳይገባ የጣውላ ወለል። አራት ጊዜ ተጻፈ። በሩም እየሳሳ ሄደ።

ዓምና ሐኪሙ ልጅቱ ከእርጥበት ካልወጣች ሳንባዋ እንደማይችለው ቁርጡን ነገራቸው። በዓመቱ መጨረሻ ዕቅዱን ሲጽፉ ሚስቱ፣ «ወለሉ በመጪው ዓመትም ካልተሠራ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ፤ እሱንም ጻፈው» አለች። ጻፈው።

ደግሞም አልተኛም ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ጣውላውን አስመጣ። አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ጫረው፣ አሸተተውና ራሱን ነቀነቀ።

«እርጥብ ነው።»

«ምን ቸገረኝ!» አለች ሚስቱ። «ልጅቱ ከሲሚንቶው ትነሳልኝ እንጂ!»

«ሁለት ወር ብቻ። በኋላ እንደ ግመል ጀርባ ጎብጦ ብታዪው አንቺው ትስቂብኛለሽ።»

«ሳቅ ከሄደ ቆየ፣ የኔ ጌታ። አንተ ብቻ ምታው።»

አልመታም። በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያስገባ፣ አየር እንዲያገኘው አድርጎ ከጓሮ ደረደረው፤ ላስቲክም አለበሰው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ነፋሱ ላስቲኩን ገፈፈው፤ ጣውላው ውኃ ጠጣ፤ ከሥር ደግሞ ምስጥ ገባበት። እሱ በየማለዳው እየወጣ በጥፍሩ ይጭረው ነበር። እቤት ውስጥ ጩጩ ትስላለች።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። እንደ ልማዱ መላጊያውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሲገባ አማቱን ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ሚስቱ የልጅቱን ልብስ እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። አይቶ እንዳላየ ሆነና በሩን መላግ ጀመረ። ልጎ ሲጨርስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ።

«አንደኛ ምን ልበል?»

«ወለል የሚለውን አትጻፍ» አለች ሚስቱ፣ ቀና ሳትል።

«ትንሽ እኮ ነው የቀረው። ከላይ ያሉት እየደረቁ…»

«አንተ ልጅ» አሉ አማቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ሰው። አንተ ግን የተናገርከውም ጠፋ፣ የወለድካትም ልትጠፋ ነው። የእኔ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረቅ ነው። በል ሻንጣውን አውጣልን።»

«እሺ፣ እማማ።»

ሻንጣውን አወጣ። ጩጩን አቅፎ እስከ መንገዱ ድረስ ሄደ። ትንፋሿ አንገቱ ሥር ያፏጫል።

በማግስቱ ጓሮ ወጥቶ ምስጥ ያልነካቸውን ጣውላዎች መረጠ፤ ለፍራሹ ስፋት ብቻ በቁ። ከመጡበት ቀን ይልቅ ረጥበዋል። ፍራሹን ጠቅልሎ አቆመ፤ ጣውላው የሚያርፍባቸውን ተሸካሚ እንጨቶች ዘርግቶ መምታት ጀመረ። ሚስማሩ በገባ ቁጥር ከእንጨቱ ውኃ ብቅ ይላል። ሲጨርስ የምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ የልጅቱን ብርድ ልብስ ልትወስድ መጣች። ከበሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየች። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት።

«መቼ ሠራኸው?»

«በሄዳችሁ ማግስት።»

«ስንት ቀን ፈጀብህ?»

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። «ግማሽ ቀን» አለ።

እሷ ወደ እግሯ አየች። አራት ዓመት ሙሉ ስታለቅስበት የኖረችው ነገር የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ወርዳ ብርድ ልብሱን አነሳች።

«ጩጩስ?» አላት።

«እናቴ ቤት ሁለት ሌሊት ሳትስል አደረች።»

ደስ አለው። ያው ደስታ ግን ተመለሱ የሚለውን ቃል ከአፉ ነጠቀው። እሷም አልጠበቀችውም፤ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ውኃ ልኩን አንስቶ ወለሉ ላይ አኖረው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ አንድ ጥግ ሸሸች፤ ጣውላው መጣመም ጀምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነቅሎ እንደገና ይመታው ነበር። አሁን ፍራሹን ዘረጋበትና ከጫፉ ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ የተላገው በር ምንም ሳይጻፍበት ነጥቶ ቆሟል።