ስልሳው እርጥብ ወይራ

በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ያኔ ገና ወጣት ነኝ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ደግሞ ጭራሽ አልፈጠረብኝም።

አንድ ዓመት፣ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ኃላፊያችን ጠራኝና ለአካባቢው የገበሬዎች አምራቾች ማኅበር መቶ የዶማ ዛቢያ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳቀርብ አዘዘኝ። የዶማው ብረት መጋዘን ውስጥ ተከምሯል፤ የጎደለው እንጨቱ ነው። ዛቢያ በመሥራት ስማቸው የታወቀ አንድ የአሪ አዛውንት ከከተማው ዳር ስለነበሩ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

ከጎጇቸው ጀርባ፣ ጥላ ሥር፣ የተቆረጠ ወይራ በሥርዓት ተረብርቧል። ነፋስ እንዲያልፍ በየመደዳው መሃል ቀጫጭን እንጨት ገብቶበታል። የእያንዳንዱ ጫፍ በእበትና በአመድ ተለስኗል። «ጫፉ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ቅርፊቱንም ያልላጡት ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው። እዚያ ከርሞ ሲቀል ቤት ይገባና ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቅለታል። እሳቸውና ባለቤታቸው በየሳምንቱ አንድ በአንድ ያገላብጡታል። እውነቴን ነው፣ እኔን እናቴ እንደዚያ ተንከባክባኝ አታውቅም።

«አርባው ደርሷል፣ ውሰጂ» አሉኝ። «ስልሳው ገና ውሃ አለው። ከመኸር በኋላ ነይ።»

«ታዲያ ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ፣ አባባ!»

ሳቁ። ከተረበረበው አንድ፣ ከቆጡ ላይ አንድ አውርደው በሁለት እጄ አስያዙኝ። እኩል ውፍረት፣ እኩል ቁመት፤ እርጥቡ ግን እጄን ቁልቁል ይጎትታል። «እጅሽ አወቀ አይደል?» አሉ። «ወረቀትሽ ነው የማያውቀው።»

ገባኝ፤ የዚያን ቀን አርባውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። መግባቱ ግን አልመለሰኝም፤ ኃላፊዬን እፈራ ነበር። በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ አልዱባ ገበያ መሄዳቸውን ስሰማ ስልሳውን ልጭን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዤ ቤታቸው ደረስኩ።

«እሱ ፈቅዷል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ፈቅደዋል» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ምስኪን ሴትዮ፣ ተሸክመው አገዙኝ። የመሥሪያ ቤታችን አናጺ ስልሳውን እርጥብ ወይራ ጠርቦ ብረቱን አስገባበት። ኃላፊያችን በሁሉም ፊት አመሰገነኝ፤ ደስታዬም ልክ አልነበረውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመው ግን ሌላ ሰው ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በወጣች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዛቢያዎቹ ደርቀው ቀጠኑ፤ ብረቱ ይነቃነቅ ጀመር። አንድ ቀን ከአንዱ ዶማ ብረቱ ወልቆ በረረና የአንድ ገበሬ ቅልጥም አጥንቱ ድረስ ቆረጠው። ሰውየው ዳነ፤ ግን ያንን የእርሻ ወቅት ተኝቶ አሳለፈው።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የላላውን ዶማ ከፍ አድርጎ እያሳየ «ይህ አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብቻዋን ሰው ታሳስር ነበር። ቀጥሎ «እንጨቱ የማን ነው?» ሲል አዛውንቱ ከፊት ተነሡ።

«የእኔ ነው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«አውቀው ነው እርጥቡን የሰጡት?»

ዝም አሉ። «እኔ አልሰጠሁም፣ ተወሰደብኝ» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም ዝም። ወዲያው ተነሥቼ ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። ግን አጠገቤ ኃላፊዬ ተቀምጧል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ፣ የአንድ ታጣቂ እጅ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ነው የተነሣሁት።

«እኔ ነኝ። ባለቤታቸውን ዋሽቼ ነው የወሰድኩት» አልኩ።

ቅጣቴ በኋላ ከደመወዜ መቆረጥና ወደ ሩቁ በረሃ ካንጋተን መዛወር ሆነ፤ ሲያንሰኝ ነው። ያን ዕለት ግን ከአዳራሹ እንደወጣሁ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ደርሰው ከጓሮ እንጨታቸው ጋር ናቸው። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ጥቅል ይፈታሉ፤ ብርድ ልብስ፣ ቆሎ፣ አንድ ኩባያ።

«መንገድ አለ እንዴ፣ እማማ?»

«የለም። እስር ቤት ይዞት ሊገባ ነበር። ጠዋት ነው ያስጠቀለለኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንደምንም «እሳቸው ማን እንደወሰደው አያውቁም ነበር?» አልኩ።

«የዚያኑ ቀን ነገርኩት እንጂ። ተቆጣ። አሁን ስብሰባ ሲጠራ ግን፣ ልጅቷ ገና ናት፣ እስር ቤት ትበላሻለች፣ ስሟን እንዳትጠሪ አለኝ።» ብርድ ልብሱን አራግፈው አጠፉት። «ብጠራስ በምን ልጠራሽ? ስምሽን መች ነግረሽን ታውቂያለሽ?»