ዘንዶ ሳሎን አይቀመጥም

ልጄ የትራስ ልብስ አንጠልጥላ ስትገባ የሚታጠብ ልብስ የያዘች መስሎኝ ነበር። መሐል ከተማ፣ ዳውንታውን ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ መኖር ከጀመረች ወዲህ ኢስት ዮርክ ወዳለው ቤታችን ብቅ የምትለው የቆሸሸ ልብስ ሲጠራቀምባት ነው፤ እኔም ገና ሳልስማት ልብሱን ተቀብዬ ወደ ማጠቢያ ማሽኑ መሮጥ ለምዶብኛል። እንደ ልማዴ እጄን ስዘረጋ «ማሚ፣ ኖ! አትንኪው!» ብላ ጮኸች። የትራስ ልብሱ በራሱ ጊዜ ተነቃነቀ።

ፔት እንዳላት ነግራኛለች፤ አልዋሸችም። እኔ ድመት ነው ብዬ ስለደመደምኩ ዝርዝሩን አልጠየቅኩም። ያን ቀን ዝርዝሩ ራሱ ከትራስ ልብሱ አፍ ብቅ ብሎ ምላሱን አወጣብኝ። ቦል ፓይተን የሚባል የዘንዶ ዘር ነው፣ ሲፈራ ተጠቅልሎ ራሱን መሐል ደብቆ ኳስ ስለሚሆን ነው ስሙን ያገኘው፣ መርዝ የለውም፣ ሰው አይበላም። ይህን ሁሉ ማብራሪያ የሰማሁት ሶፋ ላይ ቆሜ ነው። ባለቤቴ ኩሽና ገብቶ በሩን ዘጋና «ቀጥይ፣ ከዚህም ይሰማል» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሃሊፋክስ የሚባል ሩቅ ከተማ ለአንድ ዓመት ሥራ አግኝታለች፤ የምትከራየው ቤት ደግሞ እንስሳ አይፈቅድም። ስለዚህ «ጠብቁልኝ» ነው ጥያቄው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ እባቡን ራሱን ይዛብኝ መጥታ እንዴት እሺ ልበል? ሔዋን ላይ እንኳን እንዲህ በግልጽ አልመጣባትም።

«በየቀኑ ቪዲዮ ኮል አደርጋለሁ፣ ማሚ» አለች። «እሱን ቼክ ለማድረግ።»

በየቀኑ የሚለውን ቃል ስሰማ ከሶፋው ወረድኩ። ይህቺ ልጅ እዚሁ ከተማ እያለች እንኳን የምትደውለው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም እየተራመደች፣ ያውም «ማሚ ልገባ ነው፣ ቻው» ብላ ለመዝጋት። ጉንፋን ጥሎኝ የሰነበትኩ ጊዜ የልብ ምልክት በቴክስት ልካልኛለች፤ አንድ ልብ። ሃሊፋክስ ከሄደችማ ድምፅዋን የምሰማው ለገና ነው። እናም ዘንዶውን ተቀበልኩ። ስም አውጥታለታለች፤ እኔ ግን እንግዳው ነው የምለው።

እንግዳውን የድሮ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጠችው። ቤቱ ትንሽ የመስታወት ሣጥን ነው። በአንድ በኩል ከሥሩ ማሞቂያ አለው፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያም ተገጥሞለታል፤ በሌላው በኩል ቀዝቀዝ ይላል። በሞቃቱም በቀዝቃዛውም ጫፍ እሱ ተጣብቆ የሚገባበት፣ ትንሽ በር ያለው ጨለማ ጎጆ አስቀምጣለታለች። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ፣ እርጥበት የሚለካ ሰዓት የመሰለ ነገር፣ ከላይ ደግሞ ወንፊት ክዳን። «ለሳምንት አትዩት፣ አትንኩት። መደበቅ ነው የሚወደው። ስትረስ ካደረገ አይበላም» ብላ አስጠንቅቃን ወደ ኤርፖርት ሄደች።

ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሁለት ቡዳዎች ነበርን፤ እኔና ባለቤቴ።

እኔን ያንገበገበኝ ጓዳ መጣሉ ነው። በእኛ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ሳሎን ነው። ደህናው ሶፋ፣ ደህናው ምንጣፍ፣ የብርጭቆው ቡፌ ለማን ሆነና? እኛ ራሳችን እዚያ የምንቀመጠው ሰው ሲመጣ ነው። የመጣን ፍጡር ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ያውም ጨለማ ክፍል ውስጥ ካለ ጨለማ ጎጆ ወትፎ መሄድ ምን የሚሉት አስተዳደግ ነው? እፈራዋለሁ፣ አልክድም፤ መፍራት ግን እንግዳ ላለማክበር ምክንያት አይሆንም።

ባለቤቴ ደግሞ ድራይዎል ሠራተኛ ነው፤ የቤት ግድግዳ ይገጥማል። እንስሳ አይወድም፣ መለካት ግን ይወዳል። የልጃችንን ሥራ አየት አደረገና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ጋራዥ ገባ። ሲወጣ ቁም ሣጥን የሚያህል ቤት ሠርቶ ወጣ፤ ከፊት ተንሸራታች መስታወት፣ ከላይ የሱቅ መስኮት የመሰለ መብራት፣ ውስጡ ገላጣ ሜዳ። ሳሎን፣ ከቡፌው ጎን አቆምነው። ማሞቂያውን እሱ አዛወረ። ሁለቱን ጎጆዎች ግን እኔ አውጥቼ ጋራዥ ወረወርኳቸው፤ እንግዳ ፊቱ መታየት አለበት። በምትካቸው የፕላስቲክ አበባ አስገባሁ። ከላዩ እስከ ታች የሚወርድ ዳንቴል አለበስኩት፤ ቲቪው እንኳን ዳንቴል የለበሰበት ቤት ነው።

ባለቤቴ በግራና በቀኝ የአየር ቀዳዳ አበጅቶለት ነበር፤ ትይዩ። በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ነፋስ ሰውን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቃል። እዚህ አገር ስንቱን ክረምት አሳልፌ አሁንም አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊት ሁለት መስኮት ሲከፈት ቦታ እቀይራለሁ። «ብርድ ይመታዋል» ብዬ ቀዳዳዎቹን በፕላስተር አሸግኳቸው። በማግስቱ መስታወቱ እንደ ሻወር ቤት ላብ አወጣ፤ እኔም «ሞቆታል፣ ተመስገን» አልኩ።

እንግዳው ግን ደስ አላለውም። አንዱ ጥግ ተጠቅልሎ ኳስ ሆኖ ቀረ። ለምግቡ የቀዘቀዙ አይጦች በአይስክሬም ዕቃ አሽጋ ትታልናለች፤ ፍሪዘር ውስጥ ከዶሮው ሥር ናቸው፣ ስለ እነሱ ብዙ ባላወራ ይሻለኛል። አንዷን በለብታ ውሃ አሟሙቼ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ አቀረብኩለት። ዞር ብሎም አላየኝ። «ብላ እንጂ» አልኩት። «በሞቴ!» ለዘንዶ በሞቴ ማለት ብልህነት እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሌላ ቀን ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ። ባለቤቴ «ጴንጤ ቤት ገብቶ ጾም ያዘብን» አለ።

ልጄ ቃሏን ጠብቃ በየቀኑ ደወለች። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። የመጀመሪያው ቃል «በላ?» ነው። ቀጥሎ፣ አትዩት ያለችው ሳምንት ካለፈ ወዲህ፣ «ካሜራውን ወደ እሱ አዙሪው።» አዞራለሁ። አዲሱን ቤት በአካል መጥታ እንድትደነቅበት ስለፈለግን አስጠግቼ እሱን ብቻ ነው የማሳያት። እኔ የማየው ግንባሯን ነው፤ ስለ እሱ ተጨንቆ የተሸበሸበ ግንባር። ቀናሁ፤ በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፣ በእባብ ቀናሁ። ቢሆንም ግንባርም ግንባር ነው። በየቀኑ አየሁት።

አንድ ቀን ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ማሚ፣ እንዲህ ከቀጠለ ይሞታል» አለችኝ። «ሚሲሳጋ ስለ እባብ የምታውቅ ሴት አለች። መጥታ ትውሰደው።» እሱ ከሄደ ቪዲዮ ኮሉም ተጠቅልሎ አብሮት ይሄዳል። ያን ቀን ራት አልበላሁም፤ ቤቱ ውስጥ የማንበላው ሁለት ሆንን።

ሲጨንቀኝ የማደርገውን አደረግኩ። በጸሎት ኅብረታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጸሎት ርዕስ በድምፅ ላክሁ። «ቅዱሳን፣ ቤታችን ያረፈ እንግዳ ምግብ እምቢ ብሎብናል፤ በጸሎት አስቡን።» ማንነቱን አልጠቀስኩም። ዋሸሁ እንዴ? እንግዳ ነው፣ እምቢም ብሏል።

አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። የእኛ ሰው ታመመ ሲባል ጸልዮ ብቻ አይተውም። ይመጣል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። የኅብረታችን ትልቅ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ሁለት እህቶችን አስከትለዋል። አንዷ ብርቱካን በፌስታል፣ አንዷ ጁስ፣ እማማ ደግሞ አጥሚት በቴርሞስ ይዘዋል። ጫማቸውን አውልቀው ሳሎን ገቡና ዳንቴል ከለበሰው ቁም ሣጥን አጠገብ፣ ደህናው ሶፋ ላይ ተቀመጡ።

«ታማሚው የታል?» አሉ እማማ።

«ተኝቷል፣ እማማ።»

«በጠራራ ፀሐይ? ናይት ሺፍት ነው እንዴ የሚሠራው?»

«ሥራ እንኳን የለውም። ልማዱ ነው።»

«ምጽ! ወጣት ነው?»

«ወጣት ነው። ዝምተኛ ነው።»

«ለመሆኑ የት አስተኛችሁት?»

«እዚሁ ሳሎን ነዋ፣ ብርሃን ያለበት። እየተመላለስን እናየዋለን፤ ለደቂቃ ብቻውን አንተወውም።»

እማማ ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አዬ ልጄ! ታዲያ አልበላም ቢል ይፈረድበታል? እኔ ከአገር ቤት የመጣሁ ሰሞን ልጄ ሬክስዴል ያለው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ነበር ያስተኛኝ። አክብሮኝ ነው። የመጣው ሁሉ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ይቀመጣል፣ ያየኛል። ቀሚሴን የምቀይርበት ጥግ የለኝ። እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለ፤ ሐኪም ቤት ሁሉ ወሰዱኝ። በኋላ ዕቃ የሚያጉሩባትን ጠባብ ክፍል ለምኜ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ያኑ ቀን እንጀራ አምጡ አልኩ! ሰው መደበቂያ ከሌለው አይበላም። ጓዳ አግቡት።»

መደበቅ ነው የሚወደው ብላኝ ነበር እኮ ልጄ። እሷ ስትለኝ ያልገባኝ እማማ ሲሉት ገባኝ። አመስግኜ፣ አጥሚቱን ተቀብዬ ልሸኛቸው ብድግ አልኩ።

«ቆይ እንጂ፣ ሳልጸልይለት?» አሉ። «የት ነው? እጄን ልጫንበት።»

አንዷ እህት «እዚህ ጋ መብራት ይታያል» ብላ ዳንቴሉን ገለጠችው።

እንግዳው ያን ሁሉ ቀን ኳስ ሆኖ ሰንብቶ፣ ቀን መርጦ፣ በመስታወቱ ርዝመት ተዘርግቶ አንገቱን ቀና አድርጓል።

ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አንዷ እህት ሶፋው ላይ ወጣች፤ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እኔም የቆምኩት እዚያው ነው። ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና መገሠጽ ጀመረች፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ ባለቤቴ ነበር፣ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ ተገሠጸ። እማማ የሚያማቸውን ጉልበት ረስተው ውጭ ደርሰዋል። በካልሲ ደረጃው ላይ ቆመው በጣታቸው ጠቆሙኝ።

«ጾሜ የጸለይኩት ለዚህ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«እግዜር ይይልሽ!» አሉና ትንሽ ተነፈሱ። «ያልኩት ግን ያልኩት ነው። ጓዳ አግቢው።»

አገባነው። ባለቤቴ እያጉረመረመ ያን ቁም ሣጥን ወደ ልጃችን ክፍል ገፋው። ጎጆዎቹን ከጋራዥ አምጥቼ አንዱን በሞቃቱ፣ ሌላውን በቀዝቃዛው ጫፍ መለስኩ። ገላጣውን መሐል በቅርንጫፍና በደረቅ ቅጠል ሞላነው። ፕላስተሩንም ላጥኩት፤ ልቤ እየፈራ ነፋስ እንዲገባ ፈቀድኩ። የመስታወቱ ላብ ደረቀ፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ልጄ ካለችው ላይ ቆመ። መብራቱን አጥፍተን በሩን ዘጋን።

የቀረው ከሁሉ የከበደው ነው፤ አለማየት። ለልጄ ያደረግነውን ሁሉ ነገርኳትና «ትንሽ ቀን ስጪኝ፣ ሴትዮዋን አትጥሪያት» ብዬ ለመንኳት። ስትደውል «በላ?» ትለኛለች፤ «አላየሁትም፣ በሩ ዝግ ነው» እላታለሁ። «ዋው፣ ማሚ» አለችኝ፤ ከእሷ አፍ ብዙ ጊዜ የማልሰማው ቃል ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቢያገኘኝ «ያንኳኳል ብለሽ ነው?» አለኝ።

ሳምንቱ አለፈ። አይጧን አስገባሁ፤ ብላም በሞቴም ሳልል ወጣሁ። ጠዋት ስገባ አይጧ የለችም። ከጎጆው በር አፍንጫው ብቻ ብቅ ብሏል። እልል አልኩ፤ ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ እልል አልኩ።

ሮጬ ደወልኩላትና ሳትጠይቀኝ «በላ!» አልኳት። አለቀሰችም ሳቀችም። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «ኦኬ፣ ደህና ከሆነ በየቀኑ አንረብሸው። ቼክ ማድረግ አያስፈልግም» አለች።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? በማግስቱ አልደወለችም። ከዚያም በኋላ ዝም። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጣም ነው የናፈቀችኝ፤ ያቺን የተሸበሸበች ግንባሯን ጭምር። አንዴማ መቆንጠጫውን አይቼ «እንደገና እምቢ አለ» ብዬ ልጻፍላት የሚል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ጌታ ጠበቀኝ። እንዳልነዘንዛት ራሴን ያዝኩ። ለዘንዶ በር ዘግቼ ከተውኩ ለልጄ ያቅተኛል?

እሑድ ከቸርች ተመልሰን፣ ምሳ በልተን፣ ሳህን እያጠብኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። እጄን እንኳን ሳላደርቅ ወደ ክፍሏ ሮጥኩ፣ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ ካሜራውን ወደ እሱ አዞርኩ።

«ኖ፣ ኖ፣ ተዪው፣ ይተኛ» አለች። «ወደ አንቺ አዙሪው።»

አዞርኩት። ዛሬ ፊቷ ሙሉ ታየኝ፤ እየተራመደችም አይደለም፣ ቁጭ ብላለች።

«አንቺስ ማሚ? በላሽ?»

በልቼ ነበር። ጥብስ ነው የበላሁት፣ ያውም ደግሜ።

«ኧረ እኔ ምን ይበላልኛል ልጄ» አልኳት፤ «እህል አስጠልቶኛል።»