ጋሽ ፖስታ የሚያደርሰው ያጣ ጊዜ

ጋሽ ፖስታ ዕድሜውን ሙሉ ብስክሌት የነዳ ሰው ነው፤ ለሽርሽር ግን አንድም ቀን ነድቶ አያውቅም። ከጎረምሳነቱ እስከ ጡረታው በር እያንኳኳ ደብዳቤ ሲያድል ስለኖረ፣ የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን ረስቶታል። ጡረታ ሲወጣ እግሩ ሥራ ፈታ፤ ቀልቡም አብሮ ሥራ ፈታ። ጠዋት እንደ ልማዱ ማልዶ ይነሳል፣ የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ ያስራል፣ ከዚያ የሚሄድበት ይጠፋዋል። ሳሎን ገብቶ ይቀመጣል።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ እዚያው ሳሎን ጥግ ላይ ስለሆነ፣ እየሰፋች በጎን ታየዋለች፤ አንጀቷን ይበላታል። አንድ ቀን ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ቀና አለች።

«ስማ፣ እኔ ያንን ሐይቅ መዞር አማረኝ።»

«የቱን ሐይቅ?»

«ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጫካው ውስጥ ያለውን ነዋ። በብስክሌት።»

«ብስክሌት መች ትችያለሽና?»

«ታስተምረኛለሃ። ወይስ ሥራ በዝቶብሃል?»

ነገሩ ጠቅ ቢያደርገውም ሳቁ አመለጠው።

በማግስቱ ካርታ ፈልጎ አመጣና ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ሲያጎነብስ የድሮው ሰውዬ ተመለሰ። መንገዱን በእርሳስ ሲያሰምር አስፋልቱን ይዞ ሄደ፣ ዳገቱን ዘለለ፣ ጫካውን በስተግራ ተወው። ሚስቱ ከትከሻው በላይ ስታይ ቆየችና ጣቷን ውሃው ዳር ላይ አሳረፈች።

«በዚህ በዛፎቹ መሃል የሚሄደውስ?»

«እሱማ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በኔ መንገድ ቶሎ እንደርሳለን።»

«የት?»

እርሳሱን አቁሞ ቀና አለ።

«ከቤት ተነስተን ቤት ነው የምንመለሰው» አለች ረጋ ብላ። «ቶሎ የምንደርሰው የት ነው?»

ጋሽ ፖስታ ኩርፊያ ቢጤ ያዘውና ካርታውን አጥፎ ወጣ። እግሩ በለመደው መንገድ እየወሰደው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። በዚህ ድልድይ ላይ ዝናብ ፀሐይ ሳይል ሲመላለስ ኖሯል፤ ወንዙን ግን ቁልቁል አይቶት አያውቅም። የቱ ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ የየትኛው በር ደወል እንደተበላሸ ቢጠይቁት ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳል። ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ ምን ዛፍ እንደሆነ ግን አያውቅም። የድልድዩን ብረት ተደግፎ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ቤት ሲመለስ በእርሳስ ያሰመረውን መንገድ በላጲስ አጠፋው።

ልምምዱን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ተማሪ በሌለበት ቀን ጀመሩ። ብስክሌቷን ያዋሰቻቸው ልጃቸው ናት፤ «አባዬ፣ እናቴን ልትገድልብኝ ነው እንዴ?» ብላ ስታበቃ ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ሰጠቻቸው። እሱ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ፣ እሷ «እንዳትለቀኝ! እንዳትለቀኝ!» እያለች ሜዳውን ዞሩት። ሲለቃት ግን መሪው ተጠመዘዘባትና ጠጠሩ ላይ ተዘረረች። ጉልበቷ ተላጠ።

«በቃ! ይቅር!» ብሎ ጮኸባት። «በስተርጅና እግርሽን ልትሰብሪ ነው? ምን የሚሉት እብደት ነው!»

እሷ ተቀምጣ ጉልበቷን እፍ እፍ አለችና ቀና ብላ አየችው።

«የወደቅኩት እኔ፤ አንተ ምን ሆንክ?»

«ደነገጥኩ። ምን ልሁን?»

«አሁን ገባህ?» አለችው። «ዝናቡ ሲወርድ፣ አንተ በዚያ መኪና መሃል ስትሄድ፣ በሩን እስክታንኳኳ እኔ ምን ስሆን የኖርኩ ይመስልሃል?»

እንዲህ ብላው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። አጠገቧ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፤ መሀረቡን አውጥቶ ጉልበቷን አሰረላት። «ብትነግሪኝኮ ምን ነበረበት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብነግርህ ትቀር ነበር?» አለችው። አይቀርም ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። እጇን ዘረጋችለት፤ «በል አንሳኝ፤ ቁጭ ብዬ አልማርም።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፖስታ ካርታ ማየት ተወ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ብቻውን ሐይቁ ድረስ ሄደና አመሻሽ ላይ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ጥላ የት እንደሚበዛ፣ የት አረፍ ቢሉ ውሃው እንደሚታይ፣ የቱ ጋ ወርዳ ብስክሌቷን መግፋት እንዳለባት ነገራት። እራት እየቀዘቀዘ አላቆመም። እሷም አላቋረጠችውም።

የሄዱት ሰማዩ በጠራ ቀን ነው። እሷ ፍሬን ላይ ተንጠልጥላ፣ እሱ ከኋላ ኤሊ እንኳ በሚቀድመው ፍጥነት እየተከተላት፣ ጥዱ መሃል ገቡ። ጎረምሶች እየቀደሟቸው «በርቱ!» አሏቸው። ሐይቁን አጋምሰው አንድ መታጠፊያ ሲያልፉ ግን መንገዱ ጠፋ። ሰሞኑን በዘነበው ዝናብ ውሃው ሞልቶ የእግር መንገዱን ውጦታል። እሱ ሲመጣ ደረቅ ነበር።

ጋሽ ፖስታ ደሙ ፈላ። ብስክሌቱን ተሸክሞ ጫካውን ሰንጥቆ ሊያልፍ ዳር ዳር አለ። ዘወር ሲል ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ መንገድ በነበረው ውሃ ውስጥ እግሯን ነክራ ተቀምጣለች።

«ውሃው ሞቅ ብሏል» አለችው። «ና።»

ጥቂት አንገራገረና ሱሪውን አጠፈ። ጎን ለጎን ተቀምጠው የማዶውን ጫካ አዩ።

«ሳንዞረው ቀረን» አለ በመጨረሻ።

«የት ይሄዳል ብለህ ነው?»

በመጡበት ተመለሱ። ያው መንገድ ከወዲያኛው በኩል ሲታይ ሌላ መሰለው፤ ሲመጡ ያላያት ትንሽ የሐይቁ ጥግ ከዛፎቹ ሥር ብቅ አለች፤ ጀርባዋ ሰማያዊ የሆነ ወፍ ከቅርንጫፉ ተወርውራ ውሃውን ነካ አድርጋ ተነሳች። ጋሽ ፖስታ ብስክሌቱን አቁሞ አንጋጠጠ።

«ምን የምትባል ወፍ ናት?» ብሎ ጮኸ።

ሚስቱ ከፊት ሆና፣ ዞራ እንዳትወድቅ እየፈራች፣ ሳታይ መለሰችለት።

«እኔ ምኑን አውቄ! ደህና አድርገህ እያትና ትነግረኛለህ።»