ኃይለመስቀል ኦርጋኑን ለአባቱ ያሰማ ቀን

ኃይለመስቀል አናጢ ነው፤ ሙያውን የተማረው ጉለሌ፣ ከአባቱ እጅ ነው። ሜልቦርን መጥቶ ስድስት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ከከረመ በኋላ፣ በ2015 አሮጌ የቤተክርስቲያን ኦርጋን የሚያድስ ወርክሾፕ ቀጠረው። ኖርዝ ሜልቦርን ካለ ቤተክርስቲያን የመጣ፣ መቶ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ባለ ቧንቧ ኦርጋን ደረሰው። የተሰነጠቁትን የእንጨት ቧንቧዎች ጠገነ፤ ለቧንቧዎቹ ነፋስ የሚሰጠውን ትልቁን ወናፍ በአዲስ ቆዳ አለበሰ።

ዓይናቸው የጠፋው አባቱ በደወለ ቁጥር የሚጠይቁት ያንኑ ነበር።

«ያ ወናፍህ ተነፈሰ?»

«ትንሽ ይቀረዋል አባዬ። መጀመሪያ የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።»

ሥራው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቱ ሞቱ። ወሬው የደረሰው ለሚስቱ ለዘውዲ ነው። ሜልቦርን ያለው የእድራቸው ሽማግሌዎች መከሩና «ሥራውን ያስረክብ፤ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በወጉ እናረዳዋለን» አሉ። መርዶ ስንደብቅ እኮ ደግ የሠራን ይመስለናል! ዘውዲ ራት እያቀረበች ፊቷን ታዞራለች። አዲስ አበባ ሲደውል እህቱ ማንተግቦሽ ታነሣና አንድ ቀን «ተኝተዋል»፣ አንድ ቀን «ጠበል ሄደዋል» ትለዋለች። የዋሁ ያምናታል።

ዓርብ ዕለት ኦርጋኑ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ተተክሎ ተቃኘ። ኃይለመስቀል ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ፣ የወርክሾፑ አለቃ ከኦርጋኑ ውስጥ ገብቶ ቧንቧዎቹን አስተካከለ። እንደጨረሱ ደወለ።

«ማንቴ፣ ዛሬስ ተኝተዋል ብትይኝ አልሰማሽም። ቀስቅሺያቸው። ስፒከር አድርጊና ጆሯቸው ሥር አስቀምጪው።»

«እሺ» አለች። ምን ትበል?

አለቃው ተጫወተ። ወለሉ ነዘረ። ኃይለመስቀል ስልኩን ወደ ቧንቧዎቹ ዘርግቶ ቆመ። ሙዚቃው ሲያልቅ ከወዲያ የሚሰማው የታፈነ ለቅሶ ብቻ ነበር። አባቴ አለቀሱ ብሎ እሱም በደስታ አለቀሰ። በራሱ ቤት፣ የዚያን ቀን ከእሱ በላይ የታደለ ልጅ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሴንት አልባንስ ያለችውን ጠባብ ሳሎኑን ሞሏት። ሲነግሩት አልጮኸም። የሞቱበትን ቀን ጠየቀ፤ ነገሩት። ዘውዲን ቀና ብሎ አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

«ሄጄ ልቀብራቸው አልችልም ነበር?» አለ።

እህቱ ጋ ደወለ።

«ማንቴ፣ ትናንት ስልኩን የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«አልጋቸው ላይ» አለች። «ትራሳቸው ላይ።»